አርባ የጠቆሩ መልሶች

የባንክ ቅጥር ፈተናው አስተባባሪ ደሞዝ ከአዳራሹ ጀርባ ባለው የወረቀት ክፍል በግንባሩ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። ማጅራቱን የመታው ድንጋይ፣ በሩን የሚያስደግፉበት፣ አጠገቡ ወድቋል። ኢንስፔክተር ሠርካለም ከወረታ ፖሊስ ጣቢያ በባጃጅ ስትደርስ ፈታኟ ወይዘሮ እታለም ገዳይ ለይተው ጠበቋት።

«ያቺ ናት፤ ብርክቲ። በሦስተኛው ክፍል፣ በስሌቱ ፈተና መሀል ተነሥታ የወጣች እሷ ብቻ ናት።»

«ሽንት ቤት ነው የሄድኩት» አለች ብርክቲ።

«የቁሐር ሚካኤል ሸክላ ሠሪ ልጅ ናት» አለ ወደ ወረቀት ክፍሉ ከሚያስወጣው የኋላ በር ሥር የተቀመጠው ተፈታኝ፣ አሸናፊ። «ዓይኗ ያረፈበት መቼ ተርፎ ያውቃል?»

«አንተን ከጠዋት ጀምሮ እያየሁህ ነው፤ ይኸው አለህ» አለችው ብርክቲ።

ባንኩ የሚቀጥረው ሃያ ስምንት ዓመት ያላለፈውን ነው። ብርክቲ በሚቀጥለው ወር ይህን ዕድሜ ታልፈዋለች። ዛሬ ከታሰረች ነፃ ብትወጣ እንኳ ሥራው አይጠብቃትም።

«ፈተናው እንዴት ነው የሚሰጠው?» አለች ሠርካለም።

«ለባንክ ኦፊሰር አራት ክፍል አለው» አሉ እታለም። «እንግሊዝኛ፣ አመክንዮ፣ ስሌት፣ የባንክ ዕውቀት። ለእያንዳንዱ አርባ ጥያቄ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ። ሲደወል ወረቀቱ ይሰበሰባል፤ ወደ ኋላ መመለስ የለም።»

«የሳተስ?»

«ሩብ ነጥብ ይቀነስበታል። ባዶ የተወ አይቀነስበትም።»

«የኋላውን በር ማን ይጠብቃል?»

እታለም ፊታቸውን አዞሩ። «ስድሳ ተፈታኝ ለብቻዬ ነው የምጠብቀው።»

«እኔ ቀና አላልኩም» አለ አሸናፊ ሳይጠየቅ። «አርባውንም ሠርቻለሁ። ወረቀቴን ይዩት፤ መቼ ልነሣ?»

«አየዋለሁ።»

አዳራሹ ተዘግቶ ሠርካለም ወረቀቶቹን ከትክክለኛ መልሶቹ ጋር ስታመሳክር ቆየች። ከዚያ በሁሉም ፊት ቆመች።

«አሸናፊ፣ በእንግሊዝኛ ዘጠኝ ጥያቄ ባዶ ትተሃል። በአመክንዮ አሥራ አንድ። ያላወቅከውን አትነካም።»

«እና?»

«በስሌት ግን ለአርባውም ጥያቄ የመልስ ክብ አጥቁረሃል። ትክክል የሆነው ዘጠኙ ብቻ ነው።»

«ሰዓት አጠረኝ፤ ገመትኩ።»

«ጠዋት ሩቧን ነጥብ ስትፈራ የቆየህ ሰው ነህ። ደግሞ የጥያቄ ወረቀትህ ላይ አንድ ቁጥር አልደመርክም። የብርክቲ ዳር ዳሩ ሁሉ በስሌት ተሞልቷል፤ ሃያ ሁለት መልሳ የቀረውን ትታዋለች። እሷ ነጥብ ስትፈልግ ነበር። አንተ የፈለግኸው የሞላ ወረቀት ነው። በሁለት ደቂቃ አጥቁረህ በኋላው በር ወጣህ።»

አሸናፊ ሳቀ። «ምን አድርጎኝ ነው የምገድለው?»

«ደሞዝ የኮረጀ ተፈታኝ ከሚመዘግብበት የጥሰት ቅጽ ጥራዝ ላይ አንድ ቅጠል ተቀድዷል። ከሥሩ ባለው ላይ የእስክሪብቶው ጫና ስምህንና ‹ስልክ› የሚለውን ቃል ትቷል። በስልክ ሲኮርጅ የተያዘ ምን ይሆናል፣ ወይዘሮ እታለም?»

«የትኛውም ዓመት ተመልሶ አይፈተንም።»

«የወረቀት ክፍሉ ተፈትሿል፤ ደሞዝ ከተገኘ ወዲህም ከዚህ አዳራሽ ማንም አልወጣም፤ ስለዚህ ቅጹ ካንተ ጋር ነው። ጫማህን አውልቅ።»

አላወለቀም። ሁለት ፖሊሶች ይዘው አወለቁለት። ቅጹ ካልሲው ውስጥ ተጣጥፎ ተገኘ።

እሱን ሲያወጡት እታለም ወደ ብርክቲ ተጠጉ። «ተሳስቼ ነው፣ ልጄ።»

«አራተኛው ክፍል መቼ ነው?» አለች ብርክቲ።

«ሰው ሞቶ?»

«መሞቱንማ ገደልሽ ሲሉኝ ሰማሁ። መቼ ነው?»

እታለም ወደ ባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት ደወሉ። «ሰኞ ሦስት ሰዓት። ፈተናው ካቆመበት ይቀጥላል ብለዋል።»

«ይጻፉልኝ።»

«ቃሌ አይበቃሽም?»

ብርክቲ ባዶ ወረቀት አቀረበችላቸው። ሠርካለም እስክሪብቶዋን ለእታለም አቀበለቻቸው።

«ማኅተሙንም አይርሱ» አለች ኢንስፔክተሯ።