የአሥራ ሁለተኛው ቤት ውሃ

«በረዶው ከቀለጠ በኋላም እዚሁ ናችሁ፣ አይደል?»

ቦራም የሩዝ ኬኩን ትሪ በሁለት እጇ እንደያዘች ደጃፉ ላይ ቆማ ቀረች። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ መልሱን ግን እንኳን እሷ አባቷም አያውቀውም። ስለዚህ ፈገግ አለች፣ ዝቅ ብላ እጅ ነሳች፣ ትሪውንም ወደ ፊት ገፋ አደረገች።

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!» አሉ በሩን የከፈቱላት አሮጊት። ገና ከሚተነው ኬክ ላይ አንድ ቀይ ባቄላ ለቀም አድርገው አፋቸው ውስጥ ጣሉ። «ይኸው ላይ ሰፈር ሞላ! አሥራ ሁለት ቤት ሆንን!»

አሮጊቷ በወጣትነታቸው ከጎክሶንግ ተድረው ስለመጡ መንደሩ እስካሁን «የጎክሶንጓ» ይላቸዋል። ስማቸውን የሚያስታውስ ስለሌለ ቦራምም «እማማ» ማለት ጀመረች። በሩ ተዘጋ። እሷም ለሚቀጥለው ቤት ሌላ ትሪ ልታመጣ ሮጠች። ሌሎቹ ቤቶችም እንዲሁ ሳቁላት፣ ጀርባዋን መታ መታ አደረጓት። ከአንድ ሳህን ኬክ ይህን ያህል ደስታ አልጠበቀችም ነበር።

ቤተሰቡ ከጓንግጁ የመጣው በኅዳር ነው። አባቷ ናምዎን ከተማ አንድ ጋራዥ ውስጥ ሥራ ሲያገኝ፣ ከተማው ውስጥ ከመከራየት ይልቅ ጂሪ ተራራ ግርጌ ኖሮ መመላለስን መረጠ። ሁለት ቤት አዩ። አንደኛው ላይ ሰፈር ነው፤ አሮጌ ቢሆንም በረንዳው ሰፊ፣ ተራራው ከጀርባው የቆመለት፣ ለቦራምም በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ክፍል የሚሰጣት። ሁለተኛው ታች ሰፈር፣ አውቶቡሱ የሚቆምበት መንገድ ዳር ያለ፣ ከሩዝ ወፍጮው ጋር ግድግዳ ለግድግዳ የተጣበቀ ቤት ነው። ወፍጮው ሲዞር የመስኮቱ መስተዋት ይንቀጠቀጣል።

«ላይኛውን በረዶው እስኪቀልጥ እንሞክረው» አለ አባቷ። «ከዚያ ቦራም ትወስናለች። አውቶቡስ ለመያዝ ያንን ቁልቁለት በእግሯ የምትወርደው እሷ ናት።»

ኬኩ የእናቷ ሐሳብ ነበር። ዕቃው ከወረደ ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰዳትም። «ሰዉ ምን ይለናል? ሰላም ሳንል እንደ ሌባ ገብተን ተቀመጥን እኮ!» ትላለች። ጓንግጁ ሳሉ አዲስ ጎረቤት በገባ በማግስቱ ኬክ ያዞራል። የማያዞር ኩሩ ይባላል። እናቷ ደግሞ ኩሩ ከመባል ብትታመም ትመርጣለች። ስለዚህ ትልቁን ድስት ጥዳ ኬኩን በእንፋሎት አበሰለችና ቦራምን ቤት ለቤት ላከቻት።

ከዚያ በኋላ ላይ ሰፈር ፊቱን አበራላቸው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ በረንዳው ሥር ማገዶ ተደርድሮ አገኘች። ማን እንዳመጣው የሚናገር ጠፋ። የጎክሶንጓ እማማ አንድ ማሰሮ ኪምቺ፣ በበርበሬ የተቀመመ ጎመን፣ ይዘው መጡና እናቷን «ያንቺ ኪምቺ ጨው ይጎድለዋል፤ እስኪሻልሽ የኔን ብሉ» አሏት። የመንደሩ ሊቀመንበር እንኳን በየማለዳው ሰፈሩን በሚቀሰቅሱበት ድምፅ ማጉያ «አ... አ... ይሰማል? የቦራም አባት፣ ጠመዝማዛው ላይ በረዶ ስላለ ፍሬን እንዳትይዝ!» እያሉ ያስጠነቅቁ ጀመር። ቦራም ትራሷ ውስጥ ገብታ ትስቃለች። ክፍሏን ትወደዋለች። ጠዋት መስኮቱን ስትከፍት ተራራው ፊቷ ላይ ይደፋባታል።

ነገሩን የነገረቻት ጋራም ናት። ጋራም የክፍሏ ልጅ ናት። የምትኖረው ናምዎን ከተማ ነው፤ አባቷ ግን ከላይ ሰፈር በላይ የፖም እርሻ ስላለው አርብ አርብ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ትወጣና የተገረዙትን ቅርንጫፎች ትሰበስብለታለች። በዚያ አርብ አውቶቡሱ የኋላ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ቤቱስ እንዴት ነው?» አለች ጋራም።

«አቦ፣ አሪፍ ነው! ክፍሌን ብታዪው...»

«አይቼዋለሁ። ባዶ ሳለ በመስኮት ገብቼ አልጋዬን የት እንደማደርግ ሁሉ መርጬ ነበር።»

ቦራም የቀልድ መስሏት ሳቀች። ጋራም አልሳቀችም።

«አባቴ ሊከራየው ፈልጎ ነበር። የፖም ለቀማው ሲያልቅ ሊቀመንበሩ ጋ ሄደ። እናንተ ቀድማችሁ ገብታችኋል። ‹ለሙከራ ነው የገቡት፣ በረዶው እስኪቀልጥ ጠብቅ› አሉት። በሳምንቱ ኬክ አዞራችሁ። ‹በቃ፣ አትጠብቅ› አሉት።»

«ኬኩ ምን አገባው?»

«አንቺ ልጅ፣ ሙድ እየያዝሽብኝ ነው?» ጋራም ዞር ብላ አየቻት። «የምርሽን አታውቂም? ላይ ሰፈር ኬክ የሚያዞረው ዕቃ ያወረደ ሰው አይደለም። እዚሁ ነኝ፣ አልሄድም ያለ ሰው ነው። ነገ በዓመቱ ስብሰባ ያጨበጭቡላችኋል፣ ከዚያ የአሥራ ሁለተኛው ቤት ውሃ የእናንተ ነው። ምንጩ በደረቁ ወር ከዚያ በላይ አያጠጣም። አሥራ ሦስተኛ ቤት ላይ ሰፈር አይሠራም።»

አውቶቡሱ ድልድዩን አለፈ። 

«ታች ሰፈር ያለውስ ቤት?» አለች ቦራም።

«ከዚያ እርሻው አይታይማ! ፖሙ ሲያብብ ውርጭ መቼ እንደሚወርድ አይታወቅም፤ ድንገት ነው። አባቴ አበባው እስኪያልፍ መኪናው ውስጥ ነው የሚያድረው። ዓምና ደረቱን ታሞ ተኛ። እናቴ ታዲያ...» ጋራም ቦርሳዋን አነሳች። «ተይው በቃ። ቀድማችኋል፣ አለቀ። ፊትሽን እንደዚህ አታድርጊው፣ ሎሚ የመጠጥሽ ትመስያለሽ።»

ጋራም ወደ እርሻው ቀድማ ስትሮጥ ቦራም ዳገቱን ብቻዋን ወጣች። አልዋሸችም። ማንም አልዋሸም። ፈገግ ብላ ትሪ ሰጠች እንጂ «እንቆያለን» አላለችም። ነገም ዝም ካለች ክፍሉ የሷ ነው። መናገር እንኳን አያስፈልጋትም፤ የሚያስፈልገው ዝምታ ብቻ ነው። ደስ ያላሰኛት ይህ ነው።

እናቷ ልክ እንደየቀኑ አጥሩ ላይ ቆማ ጠመዝማዛውን ታያለች። የአባቷ ፒክአፕ መብራት ከኩርባው ብቅ እስኪል ቤት አትገባም።

«እማ፣ አንቺ ግን እዚህ መኖር ትወጃለሽ?»

«ምን ማለትሽ ነው? አንቺ ክፍልሽን ስትወጂው እያየሁ...»

«እኔን ተይኝ። አንቺን ነው የጠየቅሁት።»

እናቷ ዓይኗን ከመንገዱ አላነሳችም። «አየሩ ጥሩ ነው። ሰዉም ጥሩ ነው። መንገዱ ነው እንጂ» አለች። ቀጥላም፣ «ለአባትሽ እንዳትነግሪው። ቤቱን ስለሚወደው ነው።»

እራት ላይ ቦራም አባቷንም ጠየቀችው። እሱም «እናትሽ ከሰዉ ጋር ስለተላመደች ነው እንጂ...» ብሎ ሳይጨርስ ሾርባውን ጠጣ። ቦራም ሁለቱንም አየቻቸውና ሳቋን ለመደበቅ ሩዟን ጎረሰች።

በማግስቱ ቅዳሜ የመንደሩ መሰብሰቢያ አዳራሽ ሞልቶ ነበር። ወለሉ ከሥር ስለሚሞቅ ሁሉም ጫማውን አውልቆ በካልሲው ተቀምጧል። ሽማግሌዎቹ በግድግዳው በኩል፣ አሮጊቶቹ አበባ አበባ ባለው ሱሪያቸው ምድጃው ጋ። የተቀቀለ የአሳማ ሥጋ እየተቆረጠ ነው።

«የቦራም እናት! ነይ ሙቁ ጋ!» ብለው የጎክሶንጓ እማማ ሌላዋን አሮጊት ገፋ አደረጉ። እናቷ እያፈረች ተቀመጠች። አባቷ እስከ ቀትር ሥራ ስለነበረው ቦራም አብራት መጥታለች።

ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ክፍሉ አንድ እርምጃ ቢሆንም ማይክራፎን ይዘዋል። «የመጀመሪያው ጉዳይ ደስ የሚል ነው። አሥራ ሁለተኛው ቤት ሰው አግኝቷል። ኬካቸውን ሁላችንም በልተናል። እንግዲህ ውሃው...»

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ከማጨብጨቡ በፊት አንድ ነገር ልናገር?»

ቦራም ተነስታ ቆማለች። እናቷ የሹራቧን ጫፍ ይዛ ወደ ታች ሳበቻት። ቦራም አልተቀመጠችም። 

«ኬኩን ያዞርነው ልንቆይ ወስነን አይደለም። እኛ በመጣንበት ከተማ አዲስ የገባ ሰው ሁሉ ያዞራል። የዚህን ሰፈር ልማድ አላወቅንም ነበር። እማማ ደጃፋቸው ላይ ሲጠይቁኝ ‹አላውቅም› ማለት ነበረብኝ፤ ዝም አልኩ። ቤቱን በእርግጠኝነት የሚፈልግ ሰው ደግሞ አለ። ስለዚህ ኬኩ እንዳይቆጠርብን።»

 ሥጋ የሚቆርጡት ሴትዮ ቢላዋቸውን እንደያዙ ቀሩ። እናቷ ቀይ ሆና ወለሉን ታያለች፤ ከዚያ እሷም በጉልበቷ ተነሳች።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «ኩሩ ይሉናል ብዬ ፈርቼ ነው። ይቅርታ አድርጉልን።»

«እንዴ!» አሉ የጎክሶንጓ እማማ። «ታዲያ ያን ሁሉ ኬክ በከንቱ ነዋ ያላመጥነው? እኔ እኮ ሰው ሠራሽ ጥርሴ ተነቅሎ ሰንብቷል!»

ሳቁ ከምድጃው ጋ ተነስቶ ግድግዳው ጋ ደረሰ። ሊቀመንበሩም ማይክራፎኑን አጠገባቸው አስቀምጠው ሳቁ። አንድ ሽማግሌ ግን አልሳቁም። «ልጅ አደባባይ ቆማ የትልቁን ነገር ታፈርሳለች? ማገዶውን የደረደርኩት እኔ ነኝ» አሉ።

«አመሰግናለሁ፣ አባባ» አለች ቦራም ወደሳቸው ዞራ እጅ እየነሳች። «ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ቀድሜ እነግርዎት ነበር።»

ሽማግሌው አጉረመረሙ፤ ነገር ግን ከሥጋው አንድ ቁራጭ አንስተው በቅጠል ጠቅልለው ሰጧት። ትልቅ ሰው የሰጠውን መመለስ አይቻልምና በአንድ ጊዜ ጎረሰችው። ጉንጯ ተነፋ።

«ይሁን» አሉ ሊቀመንበሩ ወደ እናቷ ዞረው። «ዛሬ አይጨበጨብም። ከሰውዬሽ ጋር ተመካከሩ። እስከ ማታ መልስ ስጡኝና በድምፅ ማጉያው እናገራለሁ።»

«በድምፅ ማጉያው ባይሆንስ?» አለች እናቷ ደንግጣ። አዳራሹ እንደገና ሳቀ።

እናትና ልጅ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ፀሐይ ወጥታ መንገዱ ዳር ዳሩን ረጥቧል።  እናቷ «መጀመሪያ ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አለች።

«ብነግርሽ እስከ ጠዋት አትተኚም ነበር።»

እናቷ አሰበችና «እውነትሽን ነው» አለች።

አባቷ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ፒክአፑን አቁሞ አገኙት። ዳገቱ አንሸራታች ሲሆን እዚያ ትቶት በእግሩ ይወጣል። ቦራም የጋራምን ነገር፣ የፖሙን ነገር፣ የስብሰባውን ነገር መኪናው ጋ እንደቆሙ ነገረችው። አባቷ ጓንቱን አውልቆ እንደገና አጠለቀ። ወደ ላይ፣ በረንዳው ወደሚታይበት አቅጣጫ ረጅም ጊዜ አየ።

«እኔ ያንን ቤት በብርሃን የማየው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው» አለ በመጨረሻ። «የጋራም አባት ግን ቀኑን ሙሉ እዚያው እርሻው ላይ ነው የሚውለው።»

«ታዲያ?» አለች እናቷ።

«ታዲያ ወሳኟ እሷ ናት ብያለሁ።»

ከመንገዱ ማዶ የወፍጮው ቤት ቆሟል። ባለወፍጮው በሩን ከፍቶ አስገባቸው። ቅዳሜ ስለሆነ ወፍጮው ይዞራል፤ ወለሉ ከእግራቸው ሥር ይንዘፈዘፋል። እናቷ ጆሮዋን በመዳፏ ሸፍና ከክፍል ወደ ክፍል ሄደች። ከወጥ ቤቱ መስኮት ግን ከናምዎን የሚመጣው መንገድ እስከ ድልድዩ ድረስ ይታያል። እናቷ እዚያ ስትደርስ እጇን ከጆሮዋ አወረደች።

ቦራም የመጨረሻውን በር ከፈተች። ጠባብ ክፍል ነው። መስኮቱ የሚያሳየው ተራራውን ሳይሆን የአውቶቡስ ማቆሚያውን ነው። መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ይንቀጠቀጣል።

«በወፍጮው በኩል ያለውን እኔ እወስደዋለሁ» አለች። «እናንተ አትችሉትም። እኔን እንቅልፍ ይወስደኛል።»

አባቷ ስልኩን አውጥቶ ወደ ሊቀመንበሩ ደወለ።

በመጋቢት የጋራም ቤተሰብ ላይ ሰፈር ገባ፤ የቦራም ቤተሰብ ታች ሰፈር ወረደ። የጎክሶንጓ እማማን ልጃቸው በዚያው ዓመት ወደ ሴኡል ወሰደቻቸው። ጋራም መስኮቱ ሥር የተኛችው አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ ጓንግጁ ላለ አዳሪ ትምህርት ቤት ፈተናውን አልፋ ሄደች። አባትና እናቷ ከፖሙ ጋር ላይ ሰፈር ቀሩ። ቦራም አሁንም ታች ሰፈር ናት።