ጉም ውስጥ የቀደመችኝ

ስለ መናፍስት ሲወራ ከመሳቅ በቀር ሌላ አላውቅም ነበር፣ ጤና ላስተምር የመጣሁ ሰው ነኝና የሚያቃዠው ትኩሳት ነው፣ የሚያስፈራው ጨለማው ነው እያልኩ ለሰው ሁሉ ሳስረዳ የኖርኩ ነኝ፣ ስለዚህ ይህን ሰምታችሁ ብትጠራጠሩኝ አልቀየምም።

ተወልጄ ያደግሁት ናይሮቢ ነው። አማርኛዬ ከእናቴ የለቀምኩት ስብርባሪ ነበር፣ በበጎ ፈቃድ ደብረ ታቦር መጥቼ ጋፋት አካባቢ ላሉ እናቶች ስለ እርግዝናና ስለ ወሊድ ማስተማር ስጀምር ሴቶቹ በአነጋገሬ ይስቁ ነበር፣ ኋላ ግን ወደዱኝ። ከሁሉም የምትቀርበኝ ይታይሽ የምትባል ነፍሰ ጡር ነበረች። ጤና ጣቢያ እንድትወልድ ብለምናትም ምጡ ድንገት መጥቶባት ቤቷ ተገላገለች፣ እኔም ነገ ከሰዓት መጥቼ አይሻለሁ ብዬ ላክሁባት።

የክረምቱን ጉም ታውቁት የለ? ከዋናው መንገድ ወርጄ የእግር መንገዱን ስይዝ የራሴ እጅ እንኳ በደንብ አይታየኝም ነበር። ትንሽ እንደሄድኩ ከጎኔ ኮቴ ሰማሁ፣ ስቆም ይቆማል፣ ስራመድ ይራመዳል። የገደል ማሚቶ ነው አልኩ፣ እመኑኝ፣ ከልቤ ነው ያልኩት። ያን ሰሞን ጉንፋን ይዞኝ ያስለኝ ነበር፣ እና ከጎኔ ያለው ነገር ሳለ። ሳሉ የእኔ ሳል ነው፣ እኔ ግን አልሳልኩም። ከዚያ ኮቴው ቀደመኝና እየፈጠነ ቁልቁል ወደ ይታይሽ ቤት ወረደ።

እኔስ? ወደ ኋላ ሮጥኩ። መንገዱ ላይ ባጃጅ አግኝቼ ከተማ ገባሁ፣ በሬን ዘግቼ ተቀመጥኩ፣ አራሷ ትዝ ያለችኝ ከመሸ በኋላ ነው።

በማግስቱ አንገቴን ደፍቼ ስሄድ የባሏ እናት እማማ ጥሩየ ደጅ ላይ አገኙኝና ጎንበስ ብለው ጉልበቴን ሊስሙ ቃጡ።

«ኧረ ይተዉ እማማ፣ ምን ሆነው ነው?»

«ትናንት ባትደርሽልን ዛሬ ቀባሪዎች ነበርን፣ ልጄ። ደሙ አልቆም ብሎ ግራ ሲገባን ከአጥር ውጭ ሆነሽ ‹ሆዷን እሹት፣ ልጅቱን ጡት አስይዙ፣ አሁኑኑ ተሸክማችሁ ውሰዷት› አልሽን። ይኸው ጤና ጣቢያ ተኝታለች፣ ደህና ናት።»

«አዩኝ?»

«በዚያ ጉም ማን ማንን ያያል? ግቢ ብንልሽም አልገባሽም። አነጋገርሽ ግን ይጠፋናል እንዴ?»

‹እኔ አይደለሁም› የሚለው ምላሴ ላይ ነበር። ግን ያን ካልኩ ‹ታዲያ የት ነበርሽ?› መባሌ ነው። «ምንም አይደል እማማ» አልኩ፣ የሌላ ሰው ምስጋና እንደ ሌባ ወስጄ ተመለስኩ።

ይታይሽ ድና ቤቷ ገባች። ልጅቱ ክርስትና ስትነሳ የክርስትና እናት ሁኚ ተባልኩ፣ እምቢ የምልበት አፍ አጣሁና ሆንኩ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እማማ ጥሩየ ክንዴን ይዘው ወደ ጎን ወሰዱኝ።

«ልጠይቅሽ እየፈራሁ ነው የቆየሁት» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያን ቀን ከአጥሩ ውጭ ስታለቅሽ ሰምቼሻለሁ። ይታይሽን ተሸክመን ስንወጣም አላቋረጥሽም። ለማን ነበር?»

ሕፃኗ ደረቴ ላይ ተኝታለች።

«ብርዱ ነው ያስለቀሰኝ» አልኳቸው።

ፊቴን በጥርጣሬ አይተው እጃቸውን ቀስ ብለው ከክንዴ ላይ አነሱ።