በአያቷ ትከሻ ላይ ያለው እጅ

ሚጢጢ ማርሻሉን ከፎቶው ላይ ማጥፋት የጀመረችው ከኮፍያው ነው። ኮፍያው አላስቸገራትም። ከኋላ ያለው የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ነጭ ስለሆነ፣ ከጎን ትንሽ ግድግዳ እየቀዳች መለጠፍ ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። ከዚያ መነጽሩ፣ ደረቱን የሞሉት ሜዳሊያዎችና የሚያብለጨልጨው ቦት ጫማው ተራ በተራ ከስክሪኑ ላይ ጠፉ። እጁ ግን እምቢ አለ። ባለቤቱ ከሄደ በኋላ እንኳ ቀኝ እጁ ብቻውን፣ ከነጓንቱ፣ አያቷ ትከሻ ላይ ጉብ ብሎ ቀረ።

«ሰውየው ሞቶም አለቅም አለ» አለ አጎቷ ከኋላዋ ቆሞ እያየ።

ፎቶ ቤቱ የአጎቷ ነው፤ የአባቷ ታላቅ ወንድም። እሷ ከትምህርት ቤት መልስ እየመጣች የተቀደደና የደበዘዘ ፎቶ በኮምፒውተር ታድሳለች። «ሚጢጢ» ያላትም እሱ ነው፣ ገና ሕፃን ሳለች። አሁን በቁመት ልትደርስበት ምንም አልቀራት፤ ስሙ ግን አልለቅ ብሏታል።

ማርሻሉ ከሥልጣን ከወረደ ብዙ ዘመኑ ነው። የሞተው ግን ባለፈው ሳምንት፣ በሰው አገር፣ አልጋው ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ሰው አይጠፋም። አንዱ ከአባቴ ጎን ማርሻሉን አውጣልኝ ይላል። ሌላው ከአባቴ ጎን አስገባልኝ ይላል። አጎቷ ሁለቱንም «እሺ» ብሎ ተቀብሎ፣ በሩን ሲዘጋ «ከአንዱ አውጥቼ ለሌላው መስጠት ነው እንግዲህ» እያለ ለብቻው ይስቃል።

ሚጢጢ ግን መሳቅ አልቻለችም። ከትናንት ጀምሮ ቁጭ ስትል መነሳት፣ ስትነሳ መቀመጥ ያምራታል።

ፎቶው የእናቷ ነው። የተነሳው አሁን ሚጢጢ የምትማርበት ትምህርት ቤት በተመረቀ ቀን ሲሆን፣ ማርሻሉ ከጎኑ የቆመ አንድ ወጣት መምህር ትከሻ ላይ እጁን ጥሏል። መምህሩ የእናቷ አባት ነው። ትምህርት ቤቱ በተመረቀ በጥቂት ወር ውስጥ ወታደሮች መጥተው ከሚያስተምርበት ክፍል ይዘውት ሄዱ፤ አልተመለሰም። መቃብሩ የት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ከእሱ የቀረው ይህ አንድ ፎቶ ነው፤ እናቷም ማርሻሉ ወደ ኋላ እንዲሆን ለሁለት አጥፋ ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር የምታኖረው። ሰውየው መሞቱን የሰማች ዕለት አውጥታ ሰጠቻት። «ታወጪልኛለሽ? አባቴን ብቻውን ግድግዳ ላይ ልስቀለው» አለቻት። ከእናቷ አፍ እንዲህ ያለ ልመና ሰምታ ስለማታውቅ፣ ሚጢጢ ሳታስብ «እሺ» አለች።

ትናንት ደግሞ ያው ፎቶ፣ ሌላ ቅጂው፣ ክፍል ውስጥ መጣ።

የታሪክ መምህሯ ተማሪዎቹ ከማርሻሉ ዘመን የቀረ ነገር ከቤታቸው እንዲያመጡ አዛ ነበር። ያመጣችው ኮማንደር ናት። ኮማንደር የሚጢጢ የልብ ጓደኛ ናት፤ አያቷ የማርሻሉ ሾፌር ስለነበሩ፣ እሷም ክፍሉን እንደ ሻለቃ ስለምታዝ ነው ይህን ስም ያወጡላት። ፎቶውን በሚያምር ፍሬም ይዛ ወጣችና አፏን ሞልታ ተናገረች። «ያን ቀን ማርሻሉን በመኪና ያመጣው አያቴ ነው። ይኸው ማርሻሉ ከጓደኛው ከመምህሩ ጋር። አያያዙን እዩልኝ። ጨካኝ ነበር የሚሉት ዝም ብለው ነው።» ክፍሉ አጨበጨበ። መምህሯ «የሚጨምር አለ?» ብላ ስትጠይቅ ሚጢጢ የእስክሪብቶዋን ክዳን እያኘከች ጠረጴዛዋን ማየት ያዘች። ራሷን እስከ አሁን ይቅር አላለችም።

አሁን እጁን ጣት በጣት እየፋቀች ከሥሩ ፎቶው ላይ የሌለውን የአያቷን ኮት ትሠራለች። ሠርታ ስትጨርስ በሩ ተከፈተና ኮማንደር ቦርሳዋን እያንጠለጠለች ገባች።

«እንሂድ እንጂ፣ ምን ትጎለቻለሽ?» አለች። ከዚያ ስክሪኑን አየች። «ይሄ የኛ ፎቶ አይደል እንዴ? ማርሻሉን የት ወሰድሽው?»

«የኛም ነው» አለች ሚጢጢ።

«አቦ ሙድ አትያዢብኝ።»

«መምህሩ አያቴ ነው። የእማዬ አባት።»

ኮማንደር ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። «አያቴ እኮ ጓደኛው ነበር ነው ያለኝ። በኋላ ታሞ ሞተ አለኝ።»

«ከክፍል ነው የወሰዱት። ወታደሮቹ።»

«ማን አዟቸው?»

«ማን ይመስልሻል?»

አጎቷ የሚቆርጠውን ወረቀት ትቶ ወደ ጓዳ ገባ። ኮማንደር ጆሮዋ ድረስ ቀልታ ነበር። «አያቴን ውሸታም እያልሽው ነው?»

«አላልኩም።» እውነቷን ነው፣ ልትል አልፈለገችም። ሁለቱንም ብስክሌት ያስተማሯቸው እኚያው ሽማግሌ ናቸው፤ ሚጢጢ ስትወድቅ ጉልበቷን አጥበው ያሰሩላትም እሳቸው ናቸው። ነገሩን ከባድ ያደረገባትም ይሄው ነው።

«ታዲያ ትናንት ለምን ዝም አልሽ? ያንን ሁሉ ስለፈልፍ እያየሽኝ?»

ሚጢጢ ወደ ስክሪኑ ዞረች። ኮማንደር ቦርሳዋን አንስታ፣ በሩን እንኳ ሳትዘጋ ወጣች።

ብዙም ሳይቆይ እናቷ ከክሊኒክ ከሥራ ወጥታ መጣች፤ የነርስ ገዋኗን ክንዷ ላይ እንዳንጠለጠለች ነበር። «አለቀ?» አለች ገና ከበሩ። ሚጢጢ እንድታይ ከወንበሯ ተነሳችላት፤ እናቷ ግን አልተቀመጠችም።

ስክሪኑ ላይ ወጣቱ መምህር ነጭ ግድግዳ አጠገብ ብቻውን ቆሟል። ማርሻሉ የለም፣ እጁም የለም። ሥራው ጥሩ ነበር፤ አጎቷ ራሱ ከጓዳ ብቅ ብሎ «እኔም ከዚህ በላይ አልሠራም» ብሏል። እናቷ ግን ፈገግ አላለችም። ፊቷን አስጠግታ አየች፣ ወደ ኋላ ብላ አየች።

«አባቴ ጎባጣ አልነበረም» አለች በመጨረሻ።

ሚጢጢ ደግማ አየችው። እናቷ እውነቷን ነው። የአያቷ ግራ ትከሻ ወደ ታች ወርዷል፣ አንገቱ ወደ ጎን ተሰብሯል። ጓንቱ እያለ ከብዶት እንደሆነ ያስታውቅ ነበር። አሁን ግን ማንም ሳይነካው የጎበጠ፣ ሲፈጠርም እንዲያው የነበረ ሰው መስሏል። እጁን ስታነሳለት ያቀለለችለት መስሏት ነበር።

«ትከሻውን ቀና ላድርግልሽ፣ ቀላል ነው» አለ አጎቷ።

«ተወው» አለች እናቷ። «ስንቱን ልታቃኑ ነው?»

ሚጢጢ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። ከዚያ የሠራችውን ሁሉ ወደ ኋላ መመለስ ጀመረች። መጀመሪያ ጓንቱ መጣ፣ ቀጥሎ ቦት ጫማው፣ ሜዳሊያዎቹ፣ መነጽሩ፣ መጨረሻ ላይ ኮፍያው። አያቷ እንደገና በማርሻሉ እጅ ሥር የፈራ ሰው ሆነ። ደስ አይልም። ግን እሱ ነው።

«እማ» አለች ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። «ኮማንደር ይሄንኑ ፎቶ ክፍል አምጥታ ጓደኛሞች ነበሩ አለች። እኔም ዝም አልኩ። ነገ ይሄንን ልውሰደው? ሙሉውን?»

እናቷ ዋናውን ፎቶ ከጠረጴዛው ላይ አነሳች፤ ጣቶቿ እንደ ልማዳቸው ሊያጥፉት ሄዱና መሃል ላይ ቆሙ። እንደተዘረጋ መለሰችው።

«ሰው ምን ይልሽ ይሆን?» አለች።

«እንጃ።»

«ወደ ቤት ስትመጪ የሚሉሽን ትነግሪኛለሽ» አለች እናቷ፤ ገዋኗን ሰብስባ ሚጢጢ አጠገብ ተቀመጠች።

አጎቷ ለማተም ሲዘጋጅ መሃሉን ከላይ እስከ ታች የሚከፍለውን ነጭ መስመር አሳያት። «ይሄን የእጥፋት መስመር ሳታጠፊው ረሳሽ።»

«አልረሳሁም» አለች። «እንዲሁ አትመው።»

በማግስቱ ኮማንደር ሰላም አላለቻትም። ሚጢጢ ፎቶውን ይዛ ተማሪዎቹ ያመጡት ወደተሰቀለበት የክፍሉ ግድግዳ ሄደች። ከኮማንደር ፍሬም አጠገብ ቦታ ጠብቦባት ወዲያ ወዲህ ስትል፣ አንድ እጅ ከኋላዋ መጥቶ ፍሬሙን ትንሽ ወደ ጎን ገፋው። ኮማንደር ናት። ወደ ሚጢጢ ሳታይ ተመልሳ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል። ማታ አያቷን ምን ብላ እንደጠየቀቻቸው፣ እሳቸውም ምን እንዳሉ ሚጢጢ አላወቀችም።

ክፍሉ ሁለቱን ፎቶዎች አይቶ ማጉረምረም ጀመረ። አንዱ ከኋላ «ያው አይደል እንዴ፣ ፎርጅድ ነው» አለና አሳቃቸው። የታሪክ መምህሯ ቀረብ ብላ በጣቷ ነጩን መስመር ተከትላ ወረደች።

«ፎቶ ቤት ትሠሪ የለ?» አለቻት። «ይሄን መጠገን አቃተሽ?»

«እችል ነበር፣ ቲቸር።»

ወንበሯ ሦስት እርምጃ እንኳ አይርቅም። ሚጢጢ ወደ ወንበሯ አልሄደችም፤ ፊቷን ወደ ክፍሉ አዞረች።

«ያጠፈችው እናቴ ናት» አለች። «አባቷን፣ ይሄን መምህር፣ ከዚህ ትምህርት ቤት በወሰዱት ሳምንት። ያኔ እዚህ ካለነው ከሁላችንም ታንስ ነበር።»