በእርሳስ የተፈረመው ወረቀት

አጎት ጋዜጣውን ግራ ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ መጣ። መንገዱ ሰላም ነው ማለት ነው።

መርፌ ከአውቶቡስ ማቆሚያው አግዳሚ ሳትነሳ ጠበቀችው። አጎት አለቃዋ እንጂ የሥጋ ዘመዷ አይደለም። እሷም ብትሆን መርፌ ተብላ አልተወለደችም። የጥናት ተቋሙ ምን እንደሚደብቅ አጣርታ እንድታመጣ የላካት እሱ ነው፤ ስምንት ወር ሙሉ እዚያ ወለል ስትወለውል ኖራለች።

«አመጣሽው?»

«አመጣሁት።»

አውራ ጣት የምታህል ፍላሽ መዳፉ ላይ ጣል አደረገች። የተቋሙ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሳተላይት ምስሉንና ግድቡ ውስጥ የተቀበሩትን መለኪያዎች አንብቦ፣ ግድቡ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ይናዳል ብሏል። እሷ ከቀዳችው በኋላ ኃላፊው ይህን ከኮምፒውተሩ አስጠፍቶታል። ከግድቡ ግርጌ ሦስት መንደር አለ።

«ይህን ሌላ ማን ያውቃል?» አለ አጎት።

ስለ መንደሮቹ አልጠየቀም።



«ማንም።»

«ጎሽ። እንግዲህ አንቺም እርሺው። ግድቡን የሠሩት ሰዎች ውለታ አይረሱም።»

ፍላሿን ከጫማው ተረከዝ ሥር አድርጎ አደቀቃት።

ሸጧታል።

«ደግ አደረግህ፤ መወልወሉም ሰልችቶኝ ነበር» አለችና ፈገግ ብላ ተለየችው። ሁለት አውቶቡስ ቀያይራ ወደ ተቋሙ ተመለሰች።

ማሽኑን ያስተማሩት አዛውንት ኢንጂነር አንድ አመል ነበራቸው። ማሽኑ ያለውን ሁሉ በወረቀት አትመው፣ በእርሳስ ራሳቸው አስልተው ይፈርሙበታል። «ማሽን ቢሳሳት አያፍርም፤ እኔ ግን አፍራለሁ» ይላሉ። አሁን የቀረው ያ ወረቀት ብቻ ነው።

ባልዲዋን ይዛ ቢሯቸው ገባች።

«ልጄ፣ ዛሬስ ወለሉን ነው ወይስ እኔን ልትወለውዪ ነው የመጣሽው?»

«ጋሼ፣ የግድቡን ወረቀት ይስጡኝ።»

መነጽራቸውን አውልቀው ትክ ብለው አዩዋት።

«ጥጉን እየዘለልሽ ስትወለውዪ ጠርጥሬ ነበር» አሉ። «የጽዳት ሰው ጥግ አይዘልም።»

ከመሳቢያቸው አውጥተው ሰጧት። ከጠረጴዛቸው ላይ መቀስ አነሳች።

«ፊርማዎን ልቁረጠው። ያስሩዎታል።»

«ተዪው። የማሽን ቁጥር ብቻ ሰምቶ ማን ቤቱን ጥሎ ይወጣል? ሰው የሚነሣው ሰው ሲጠራው ነው።»

መቀሱን አስቀመጠች።

አጎት አላመናትም ኖሮ፣ ኮሪደሩ ላይ የሱ ሰው ቆሞ ነበር።

ኪሷን ፈተሸ። ባልዲውን አየ።

ውሃው ጥቁር ነበር።

አፍንጫውን ይዞ አሳለፋት። ወረቀቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ባልዲው ውስጥ ከውሃው ሥር ተኝቷል።

ወረቀቱን ሬዲዮ ጣቢያ አደረሰችው፤ የቀትሩ ዜና የኢንጂነሩን ስም ጠርቶ አነበበው። ሦስቱም መንደሮች ከብታቸውንና ሽማግሌዎቻቸውን ይዘው ወጡ። በስምንተኛው ቀን ግድቡ ተናደ። አንድም ሰው አልሞተም።

ኢንጂነሩን ግን ምስጢር አወጡ ብለው አሰሯቸው። «ማን ረዳዎት?» ሲሏቸው፣ «እርሳሴ» አሉ። ልባቸው ድሮም ደካማ ነበር፤ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ እዚያው አረፉ።

መርፌ ለቅሶ አልደረሰችም። ምን ብላ ትድረስ? የማን ነሽ ቢሏት የትኛውን ስሟን ትናገር?

አሁን በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም፣ የአንድ ትምህርት ቤት ወለል የምትወለውል ሴት አለች። ዝምተኛ ናት፤ ማንም ልብ አይላትም። ብቻ እያንዳንዱን ጥግ ተንበርክካ፣ ሁለት ሁለት ጊዜ ትወለውላለች።