ዳኛው ብቻውን አልመጣም

ይሄን ስታነቡ «ደግሞ ጀመረው» እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም በእናንተ ቦታ ብሆን እላለሁ።

ግን ሆኗል። በእኔ በራሴ ላይ ነው የሆነው። በቀን ብርሃን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጂንካ፣ እኛው ግቢ ውስጥ።

ሚልክያስ እባላለሁ። ሞተር ሳይክል እጠግናለሁ። ጴንጤ ነኝ፤ የመንፈስ ምናምን ወሬ ሲነሳ ቀድሜ የምስቀው እኔ ነኝ። ነበርኩ ማለት ይሻላል...

ዳኛው የሚባል ውሻ ነበረን። ስሙን ያወጣለት አባቴ፣ አባባ ነው። ገና ቡችላ ሳለ ሰው ሲጣላ መሃል ገብቶ ይጮህ ስለነበር።

አስራ አራት ዓመት አብሮን ኖረ። እናቴን አብሮን ቀበረ። የአባባ ዓይን በሞራ ሲጠፋማ «ዱላ አልፈልግም» ብሎ እሱን ይዞ ነበር ቸርች የሚሄደው። ስብከቱ እስኪያልቅ ዳኛው በር ላይ ተኝቶ ይጠብቀዋል። ሰዉ «ይሄ ውሻ ከአንዳንዱ ምእመን ይሻላል» እያለ ይቀልድ ነበር።

ግንቦት 2014 ነው። ሰኞ ዕለት የማዘጋጃ ቤት ሰዎች በመኪና፣ በሞንታርቦ እየዞሩ አስነገሩ። ባለቤት የሌላቸው ውሾች ሊወገዱ ነው። ውሻ ያላችሁ አንገቱ ላይ ማሰሪያ አድርጉ። ያለ ማሰሪያ የተገኘ... ገብቷችኋል።

እኔ ምን ቸገረኝ? ዳኛው ማሰሪያ አለው። ከሞተር ጎማ ካላማዳሪያ ቆርጬ ራሴ ነኝ የሠራሁለት።

ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ አንገቱን ሲያክ አየሁት። ማሰሪያው ስር መዥገር ሞልቷል። አወለቅኩለት። ጨርቅ በጋዝ ነክሬ ቀባሁትና አንድ በአንድ ለቀምኩለት። ቁስሉ ይድረቅ ብዬ ማሰሪያውን ምስማር ላይ ሰቀልኩት።

«ነገ አደርግልሃለሁ» አልኩት።

እጄን ላሰኝ።

ነገ...

ረቡዕ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ዳር፣ ቦይ ውስጥ አገኘሁት። ጎህ ሲቀድ በአጥሩ ቀዳዳ ወጥቶ ሜዳውን አንድ ዙር ዞሮ የመመለስ ልማድ አለው። እኔ ደግሞ ይሄን አውቃለሁ። አሳምሬ አውቃለሁ!

መርዝ የተቀባ ሥጋ ሰጥተውታል፤ አፉ አረፋ ደፍቋል። አንገቱ ጋዝ ጋዝ ይሸታል። አጠገቡ ሌሎችም ወድቀዋል፤ ትልቁም ትንሹም።

ታቅፌው ገባሁ። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ አላፍርም፣ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት። አባባ ሳይነሳ ከእንሰቱ ጀርባ ቆፍሬ ቀበርኩት።

አባባ ወጥቶ በረንዳው ላይ ተቀመጠ።

«ዳኛውስ?» አለኝ።

ምን ልበለው? በእኔ እጅ ነው ያለቀው ልበለው?

«ሻንቆ በአይሱዙው ቀይ አፈር ከተማ ወሰደው። የከብት ሐኪም ሊያሳይልኝ» አልኩት። ሻንቆ ሾፌር ጓደኛዬ ነው።

«እሺ» አለ።

የዚያኑ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሻይ በዳቦ አቀረብኩለት። ከዳቦው ቆረሰና እንደ ልማዱ ወደ መሬት ጣል አደረገ። ኩባያውን አስገብቼ፣ ተመልሼ ቁራሹን ላነሳ ስል...

የለም።

ዶሮ የለንም። ድመትም የለንም።

ወፍ ይሆናላ አልኩ።

ሐሙስ፣ እዚያው ሰዓት ላይ። እጁን ላስታጥበው ስይዘው ጣቶቹ ጋዝ ጋዝ ይሸታሉ።

«አባባ፣ ጋዝ ነክተሃል እንዴ?»

«ኧረ ከየት አግኝቼ?»

ሱሪው ላይ መዥገር አየሁ። ይንቀሳቀሳል።

አርብ ጎረቤታችን እትዬ ከበቡሽ በአጥሩ በኩል ጠራችኝ። የሷም ውሻ በዚያው ረቡዕ ነው የሞተው። ፊቷ አመድ መስሏል። ሹክ አለችኝ።

«ሚሊ... ሰፈሩ ውስጥ አንድም ውሻ አልቀረም፣ አይደል?»

«አልቀረም።»

«ታዲያ ቀን ቀን እናንተ ግቢ የሚያለከልከው ምንድነው?»

ወደ በረንዳው ዞርኩ። ሲዘንብ ውሎ ገና ማባራቱ ነው። ዘጠኝ ሰዓት። የአባባ ግራ እጅ በወንበሩ ጎን ተንጠልጥሎ ይመላለሳል... ቀስ ብሎ... የሆነ ነገር ያሻሻል።

እጁ ስር ምንም የለም።

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። እግሩ ላይ ተደፋሁ።

«አባባ ዋሽቼሃለሁ። ዳኛው ሞቷል። ማሰሪያውን ያወለቅኩት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የገደልኩት!»

እጁ ቆመ።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ስትቆፍር ሰምቻለሁ። ዓይኔ ነው እንጂ የጠፋው፣ ጆሮዬ መች ጠፋ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«አንተው እስክትነግረኝ ነዋ የኔ ልጅ። ሲከብድህ ታወርደዋለህ ብዬ።»

«ይቅር በለኝ...»

«እኔ ምን ቤት ነኝ?» በአገጩ ወደ መሬት አመለከተኝ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሱን ለምነው። እዚሁ ነው።»

ባዶውን ሲሚንቶ እያየሁ «ዳኛው... ይቅር በለኝ ወንድሜ» አልኩ።

ጉንጬ ላይ ትኩስ ትንፋሽ ተሰማኝ። ሁለት ጊዜ። ጌታ ምስክሬ ነው፣ ፈራሁም፣ ደስም አለኝ። ናፍቆኝ ነበራ!

ያኔ የቆርቆሮ በራችን ተቧጠጠ። ከታች፣ ከሥሩ በኩል።

«ማነው?» አልኩ።

እንደገና ተቧጠጠ።

«ብቻውን አልመጣም» አለ አባባ በሹክሹክታ። «እነዚያ ባለቤት አልባዎቹ ማን አላቸው? የሚቀብራቸው እንኳ አላገኙም። እሱን ተከትለው ነው። ክፈትላቸው።»

«አባባ፣ እባክህ...»

«ክፈትላቸው አልኩህ።»

ከፈትኩ።

መንገዱ ላይ ሰው የለም፤ ከብትም የለም። ዝናቡ ያራሰው ጭቃ ላይ ግን የውሻ ዱካ አለ። ብዙ ነው። ከሜዳው በኩል መጥቶ በራችን ላይ ያበቃል። የተመለሰ አንድም ዱካ የለም።

እያየሁት እያለሁ፣ ከእግሬ አጠገብ፣ አንድ አዲስ ዱካ ጭቃው ላይ ታተመ።

ከዚያ ሌላ...

ወደ ግቢው ዞርኩ። አባባ ከወንበሩ ወርዶ መሬት ላይ ተቀምጧል። ለሻይ የሰጠሁትን ዳቦ ቆራርሶ ዙሪያውን በትኖታል። እንባው በጢሙ ላይ እየወረደ፣ በሁለት እጁ አየሩን እየዳሰሰ ይቆጥራል።

«አስራ አንድ... አስራ ሁለት... ነይ እናቴ፣ አይዞሽ... አስራ ሦስት...»

እጁ በጉልበቱ ልክ ይሄድ ይሄድና፣ አንዳንዴ መሬት ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ ይላል። ቡችሎቹ ጋ ሲደርስ ነው።