አሥረኛው ሙዚቃ

ዘፋኟ የማይክሮፎኑን ገመድ በክርኗና በአውራ ጣቷ መካከል እየጠቀለለች ነበር። ከእግሯ ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ ፒያኒስቱ በደረቱ ተደፍቷል። ማጅራቱን በማይክሮፎን መቆሚያ ብረት ተመትቷል። ሰባት ዓመት አብረው ሠርተዋል፤ ጃዙ ከእሱ፣ የሕዝብ ዜማው ከእሷ። የመጀመሪያ አልበማቸውን የሚያስረክቡት በዚህ ሳምንት ነበር።

«ገመዱን ተይው» አለች መርማሪዋ ከበሩ። «እዚህ ምንም አይነካም።»

«እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» አለች ዘፋኟ፤ አስቀመጠችውም።

መርማሪዋ ተንበርክካ ሟቹን ከራሱ እስከ እግሩ አየችው። የጫማው ክር ጥብቅ ብሎ በድርብ ታስሯል።

ስቱዲዮው የሟቹ ታላቅ እህት ቤት ጓሮ ነው። እህቱ ኩሽና ውስጥ ተቀምጣለች፤ እንባ አልመጣላትም።

«ከአራት ተኩል ጀምሮ ሲጫወት እሰማ ነበር» አለች። «መሃል ላይ አቆመና እንደገና ከመጀመሪያው ያዘው። አምስት ሰዓት ላይ ጸጥ ሲል ያቺ ልጅ ገባች፤ ወዲያው ጮኸች። በመሃሉ ሌላ ሰው አልገባም፤ በሩ ከዚህ ይታየኛል። ትናንትም ሲጨቃጨቁ ነበር። እሷ ናት!»

«ወንድምዎ ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

«ካልሲው ሁልጊዜ ቀዳዳ። ጫማውን ሳያወልቅ ፒያኖ አይነካም፤ እንግዳ ፊት ጣቱ ብቅ ሲል መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ።» ፈገግ ልትል ሞከረች፤ ፊቷ አልታዘዛትም።

የድምፅ ባለሙያውን ሁሉም «ጆሮ» ይሉታል። ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«አሥረኛውን፣ የመጨረሻውን ሙዚቃ እንደገና ሊቀዳ ነበር» አለ። «ቴፑን አስነስቼለት፣ መጫወት ሲጀምር አይቼው ገመድ ልገዛ ወጣሁ። እስከ አምስት ተኩል ሱቅ ነበርኩ፤ ባለሱቁን ይጠይቁ። እሱ እንደሆን መቼም አይረካም። ይለስልስ፣ ይለስልስ ሲል ሙዚቃውን ጥጥ ሊያደርገው ነበር።»

ዘፋኟ ስትጠየቅ ድምጿ ከሌላ ክፍል የሚመጣ ይመስል ነበር።

«አልበሙ አልቋል አልኩት፤ አላለቀም አለኝ። ጭቅጭቁ ይኸው ነው። ስገባ ወድቋል። ቴፑ ክሩን ጨርሶ ባዶውን ይዞር ነበር፤ አጠፋሁት። ሊያስሩኝ ነው?»

«ብትታሰሪም ግድ ያለሽ አትመስይም።»

«ግዱ እስኪመጣ እየጠበቅሁ ነው።»

ከሰዓት በኋላ አስከሬኑ ተነሥቶ መርማሪዋ ሦስቱንም ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ዘፋኟ የቴፑን ክር መልሳ አጫወተችው። ፒያኖው ቀስ ብሎ ክፍሉን ሞላው፤ መሃል ላይ ቆመና እንደገና ጀመረ።

«ይኸው!» አለች እህቱ። «ጠዋት የሰማሁት ይኼ ነው።»

«ጥሩ። አሁን ባዶ ክር አድርጊና ቅጂኝ» አለች መርማሪዋ። ፒያኖው ፊት ተቀመጠችና ጫማዋን ሳታወልቅ ፔዳሉን ደጋግማ ረገጠች። መልሰው ሲያዳምጡት ተረከዟ በረገጠች ቁጥር ቋ፣ ቋ ይላል።

«ጫማውን የሚያወልቀው ለዚህ ነበር» አለች። «በመጀመሪያው ክር ላይ ኮቴ የለም፤ የተጫወተው በካልሲ ነው። ሟቹ ግን ጫማውን በድርብ አስሯል። ሙዚቃው ባበቃና ይህቺ ልጅ በጮኸች መካከል ጫማ የሚታሰርበት ጊዜ አልነበረም። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ማንም አልተጫወተም፤ እሱ ከሞተ በኋላ ቀድሞ የተቀዳ ክር ነው የተለቀቀው። እንግዲህ ሲጫወት አየሁት ያለው ማነው?»

ሁሉም ወደ ጆሮ ዞሩ።

«ሊያጠፋው ነበር» አለ እሱ፣ ወለሉን እያየ። «የሁለት ዓመት ሥራዬን። አሥሩንም አጥፍተን ሌላ ቦታ እንደ አዲስ እንቀዳለን አለኝ። እጁን ወደ ክሮቹ ሲሰድ መታሁት። ክሮቹን ነው ያዳንኳቸው።»

«ይህቺንስ? ጥፋቱ በእሷ ላይ ነበር እኮ የሚላከከው።»

በር ላይ የቆሙት ፖሊሶች ገቡ። ወሰዱት።

እህቱ ወደ ዘፋኟ ጠጋ አለች። «እሷ ናት ብዬ…»

«ሰምቻለሁ።»

«ስደቢኝ እንጂ፣ እህቴ።»

«ነገ» አለች ዘፋኟ።

መርማሪዋ የክሩን ሣጥንና እስክሪብቶ ሰጠቻት። «ለመዝገብ ነው፤ ምን እንደሆነ ጻፊልኝ። መቼ ተቀዳ?»

«ማክሰኞ። አጠገቡ ተቀምጬ ነበር።»

ቁጥሩንና ቀኑን ጻፈች፤ ከሥሩ የሁለታቸውን ስም። ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቀች። ከዚያም ክዳኑን ገጥማ ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።