ያልላክሁት ጥጥ

የልጅ ልጄ ውበቱ ደብረ ማርቆስ ለነርስነት ትምህርት ከተመረጠ ወዲህ ዕረፍት የለኝም። ይበርደው ይሆን፣ ይርበው ይሆን፣ በሽታ ይጋባበት ይሆን እያልሁ እብሰለሰላለሁ። ሰፈሩ ግን በሌላ ነገር ይስቃል። «ወንድ ልጅ የሰው ገላ ሊያጥብ!» ይላሉ። በመሠረተ ትምህርት በቆጠርኋት ፊደል ይህን የምጽፈው እንዲህ ለሚሉት ነው። እኔም አንድ ጊዜ እንዲሁ ብዬ ነበርና።

በጣሊያን ጊዜ ነው። ከአማኑኤል ከተማ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን ከባዘዘው ጋር ጎጆ ከወጣን ዓመት አልሞላንም። በፋሲካ ማግሥት፣ እኔ የሦስት ወር እርጉዝ ሆኜ፣ አርበኞችን ተከትሎ ወደ ጮቄ ተራራ ወጣ። ለሰርጋችን በእጄ ፈትዬ ያሠራሁለትን ጋቢ ደርቦ፣ «ለመውለጃሽ እደርሳለሁ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ዓይኔ ከዳገቱ አልተነሣም።

በሰኔ ምንጭ ብወርድ ሴቶቹ ሲንሾካሾኩ ደረስሁ። ሥራነሽ የምትባል ጎረቤት ነበረችኝ፤ ምላሷ አያርፍም።

«ዘሪቱ፣ ባልሽ ጠመንጃውን ለሌላ ሰጥቶ እንስራ አዘለ አሉ፤ እውነት ነው?»

«ማን አለ?»

«ስንቅ አድራሾቹ ናቸዋ! ዋሻ ውስጥ ቁስለኛ ያጥባል፣ አጥሚት ያጠጣል አሉ። እንግዲህ ተጠንቀቂ፣ ካንቺ ቀድሞ እንዳይወልድ!»

ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። እኔ ውሃዬን ሳልቀዳ ተመለስሁ።

በነጋታው የባዘዘው እኅት አይናዲስ ስንቅ ልታደርስ ስትነሣ እንዝርቴን ሰጠኋት። ለወንድ እንዝርት መላክ «ከሴት ጋር ተቀምጠህ ፍተል» ማለት ነው፤ በእኛ ዘንድ ከዚያ የከፋ ስድብ አልነበረም።

«ተይ እባክሽ» አለችኝ። «ሰው እያዳነ እኮ ነው። ቁስለኛውን ጥሎ ይተኩስ ነው የምትይው?»

«ወንድ ይሁን ነው የምለው! ስጪልኝ!»

በሳምንቱ ተመለሰች።

«ምን አለ?»

«ሳቀ።»

«ሳቀ?»

«አዎ። ‹እንዝርቱ ደርሶኛል፤ ጥጡን ግን ረስታዋለች። ቁስል የምሰፋበት ክር አልቆብኛልና ጥጥም ትላክልኝ በያት› አለኝ።»

ያላገጠብኝ መሰለኝ። ከራስጌዬ አንድ እንቅብ ሙሉ ባዘቶ፣ ለመፈተል የተዘጋጀ ጥጥ፣ ተቀምጦ ነበር። ዓይኔ እያየው አልላክሁም። በሐምሌም በነሐሴም አይናዲስ ስትሄድ ዝም አልሁ። ከዚያ ጣሊያን መንገዱን ዘጋው፤ ስንቅም ወሬም ቀረ። ዝናቡ ሲወርድ ናፍቆቱ ያንገበግበኛል፤ ቁጣዬ ደግሞ እጄን ይይዘዋል።

በጥቅምት፣ ምጤ ሲቃረብ፣ አንድ ሰው በምርኩዝ እያነከሰ ከደጃፌ ቆመ። ፈንታ እባላለሁ አለኝ፤ ከባዘዘው ቁስለኞች አንዱ ነበር። ከብብቱ እንዝርቴን አወጣ።

«ባዘዘውስ?»

እንዝርቱን በመዳፌ አኖረው። «እኅቴ፣ በጳጉሜን ቀበርነው። ብርዱ ሳንባው ገባ።»

«ጋቢ ነበረው እኮ! እኔው ነኝ የፈተልሁለት!»

ሱሪውን ከፍ አድርጎ ባቱን የሚያቋርጥ ረጅም ጠባሳ አሳየኝ። «ጋቢው እዚህ ነው ያለ። ክር ሲያጣ ከጋቢው እየተረተረ፣ በዚህ እንዝርት እያከረረ ሰፋን። የቀረውን ቀዶ ቁስላችንን አሰረበት። አሥራ አንድ ሰው በእግራችን ወርደናል። በውጊያ ብዙ ጀግና አይቻለሁ፤ በባዶ ትከሻው የጮቄን ክረምት ለሰው ሲል የቻለ ግን እሱን ነው ያየሁ።»

እንቅቡ እንደ ሞላ ከራስጌዬ ነበረ።

ሴት ልጅ ወለድሁ፤ የውበቱን እናት። ዳገቱን ማየት ግን እስከ ዛሬ አልተውሁም። ሰው ብቅ ባለ ቁጥር፣ ትከሻው የተራቆተ ከሆነ፣ ልቤ ድንግጥ ይላል።

እናንተ ሰዎች፣ ቁስል ወንድ ሴት አይልም፤ የሚያስታምም እጅም እንዲሁ። እኔ ይህን ባሌን አጥቼ አወቅሁት፤ እናንተ ሳታጡ እወቁት። ወንድ ልጃችሁ ወደ በሽተኛ አልጋ ሲሄድ በሳቅ አትሸኙት። የሚደርበው ስጡት።

እኔ ዓይኔ እየደከመም ፈትዬ ለውበቱ ጋቢ አሠራሁለት።

«እምዬ፣ እዚያ እኮ ብርድ ልብስ ይሰጡናል» አለኝ።

«ዝም ብለህ ልበስ» አልሁት።

ከራስጌዬ ደግሞ አንድ እንቅብ ባዘቶ አስቀምጫለሁ። ጋቢውን ለበሽተኛ ሰጥቶ «ጥጥ ላኪልኝ» ካለኝ፣ በዚያው ቀን እልክለታለሁ።